«ለሰሜን ንፍቀ ክበብ የተሠራ» የሚባል ላቫንዲኖ እንዳትገዙ

ከፒያሳ የቧንቧ ዕቃ መደብሮች በአንደኛው ዛሬ የደረሰብኝን ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ጎንደሬ ሁሉ እንዲህ ያለውን ነጋዴ ያውቀዋል፤ ወንበር ይስባል፣ ሻይ ያዛል፣ ከዚያ «ለእርስዎ ብዬ ነው» ይላል።

የኔው ደግሞ ሳይንስ ጨመረበት። ተራው ላቫንዲኖ 4,500 ብር፣ አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈበት 7,800። «ጋሼ፣ ተራው የተሠራው ለደቡብ ንፍቀ ክበብ ነው። እኛ ዘንድ ውሃው ከመሬት ዙረት ጋር ስለሚጣላ ቶሎ አይወርድም» አለኝ። ረዳቱ በጆግ ሞልቶ ክዳኑን ሲነቅል ውሃው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ እነሱ «የሰሜን» በሚሉት አዟዟር፣ እየተሽከረከረ ወረደ። ከፈልኩ።

ቤቴ ተገጥሞ፣ የፈረቃ ውሃችን በመጣች ቀን ስሞክረው በሰዓት አቅጣጫ ዞረ።

ዛሬ ስመለስ ያንኑ ትርኢት ለአንዲት እናት እያሳዩ ደረስኩ። ዓይኔን ከልጁ እጅ አልነቀልኩም። ጆጉን ወደ ቀኝ ጠርዝ አስጠግቶ ወደ ፊት ያንቆረቁራል፤ ውሃው ክዳኑ ሳይነቀል ገና መዞር ጀምሯል! «እስኪ በግራ በኩል ቅዳው» አልኩት። ልጁ ሳያስብ ቀዳ። ውሃው ተገልብጦ በሰዓት አቅጣጫ ዞረ። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ዘጉ።

ባለሱቁ ግን ሳቀ። «መሬት ዛሬ ወደ ኋላ ዞራ ይሆናላ!» ረዳቶቹም አጀቡት። ገንዘቤን ስጠይቅ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ አሳየኝና «ዞር በል፣ ገበያ አትዝጋብኝ» አለኝ። ይኸው ጋሼ ሲለኝ የነበረው አፍ!

ከሁሉ የሚያበግነኝ ውሸቱ በእውነት የተለበጠ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 የጻፈበት፣ ከመሬት ዙረት የሚመጣው ኃይል በእርግጥ አለ፤ ትልልቅ አውሎ ነፋሶችን ያዞራል። ላቫንዲኖ ውስጥ ግን የቀጂው እጅና የገንዳው ቅርጽ በቀላሉ ያሸንፉታል። የምህንድስና ፕሮፌሰሩ አሸር ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱን በውሃ ላይ ለማየት 1.8 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ገንዳ ሞልቶ 24 ሰዓት ማርጋት፣ ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ 20 ደቂቃ ያህል ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ነበረበት። ጎንደር ደግሞ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ስለምትርቅ፣ ኃይሉ እዚህ እሱ ከሞከረበት ቦታ ሲሶ ቢሆን ነው። እጅ ለመታጠብ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ የሚያረጋ ማን ነው?

አረንጓዴውን ወረቀት በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ያለው የፋብሪካ ስም የተራው ስም ነው።

ጆጉን ራሳችሁ ያዙ፤ ደረሰኝም ሳይቆረጥ ብር አትቁጠሩ።