ለገጣፎ ቤት የምትፈልጉ፣ ይህን ሳታነቡ ዕቃ እንዳትጭኑ

ቅዳሜ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ የተከራየሁበት ግቢም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቴ አራት ኪሎ እህቴ ጋ ተጠግተን ነበር። መሀል ከተማ በእኔ ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም፤ እንደ ብዙው ሰው ፊቴን ወደ ሸገር ከተማ አዞርኩ፣ ለገጣፎ። ደላላውን ታውቁታላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ቢሮ፣ ሁለት ስልክ፣ «እህቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ ይሄ ቤት ዛሬ ማታ አያድርም»። ባቡሩ አያት ድረስ አለ፣ ከዚያ ታክሲ ነው፣ ውሃ አይጠፋም፣ አከራይዋ ደግ እናት ናቸው። ሁለት መኝታ፣ በወር 18 ሺህ ብር።

ሄጄ አየሁት፣ ወደድኩት። የሦስት ወር ቅድሚያ 54 ሺህ ብር ቢሮው ውስጥ በጥሬው ቆጥሬ ሰጠሁት። ኮሚሽኑን 10 በመቶ፣ 5,400 ብር፣ ለብቻው። የሰጠኝ ወረቀት ከደብተር የተቀደደ ነው። «54,000 ብር ተቀብያለሁ» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማ አለ። የቤቱ አድራሻ የለም፣ የወር ኪራዩ የለም፣ የአከራይዋ ስም የለም። ውሉስ ስለው «ቅዳሜ ስትገቢ ከእትዬ ጋር ትፈራረማላችሁ» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሕጉን ማንበቤ ነው። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል፣ ውሉ በጽሁፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል፣ ክፍያው በባንክ ወይም በስልክ ይሁን ይላል። ጠየቅኩትም። «እሱ ለአዲስ አበባ ነው፣ ለገጣፎ ሌላ ነው» ሲለኝ ዝም አልኩ። ቤቱ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኢሱዙው በሩ ላይ ቆመ። የሰፈሩ ልጆች ማውረጃ 4 ሺህ ካልተከፈለን ዕቃ አይነካም አሉ፣ ከፈልኩ። ፍሪጁ ወረደ፣ አልጋው ወረደ፣ እናቴ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ዕቃ መሬት እስኪነካ ድረስ ከግቢው የወጣ ሰው የለም። መኪናው ባዶ ሲሆን ነው ሴትዮዋ ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ ያሉት። ቁልፉ በቀይ ክር ታስሮ እጃቸው ላይ አለ። እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

«ልጄ፣ 23 ሆኗል» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። የቤት ቁጥር መስሎኝ ነበር። «ትናንት በ23 ሺህ የሚገባ ሰው መጥቶልኛል። ካልተስማማሽ ዕቃሽን መልሰሽ ጫኚ፣ እኔ ክፋት የለኝም።» ወደ ደላላው ዞርኩ። ስልኩን እየነካካ «ገበያ ነው እህቴ፣ እኔም ማታ ነው የሰማሁት» አለ። ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም? «ካርድ አልነበረኝም።» ማታ 2 ሰዓት ላይ እሱ ራሱ ደውሎልኝ ነበር! መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ጠይቆኛል። ዕቃው እስኪወርድ ነው የጠበቁት፣ ሁለቱም።

ሹፌሩ ልሂድበት እያለ ይጮሃል። እናቴ «ተይው ልጄ፣ ክፈዪና እንግባ» አለች። ድምፅዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እህቴ በቴሌብር 15 ሺህ ላከችልኝ፣ ለሴትዮዋ አስተላለፍኩላቸው፣ ቁልፉን ሰጡኝ። ከዚያ ደላላው ጠጋ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ኪራዩ ስለጨመረ የኮሚሽኑ ልዩነት 1,500 ብር ይቀራል አለኝ። እናቴ እያየችው!

ሰኞ ቢሮው ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሌላ ሴት ተቀምጣ ብር ትቆጥራለች፣ እሱ «እህቴ፣ እኔ አገናኘሁ እንጂ ዋስ አልገባሁም» ብሎ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ከጎኑ ያለው ልጅ በእጁ በሩን አሳየኝ። ለዚያች ሴት አንድ ቃል ሳልነግራት መውጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ውሃው ደግሞ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። እሱን ሌላ ጊዜ።

ውል ከአከራዩ ጋር ፊት ለፊት ሳትፈርሙ፣ ቁልፉም እጃችሁ ሳይገባ መኪና አትጥሩ። ገንዘቡን በባንክ ለአከራዩ እንጂ በጥሬው ለደላላ አትስጡ።

ዛሬ ጠዋት የደላላውን ቴሌግራም ከፍቼ አየሁ። እኔ የገባሁበት ቤት ፎቶ አሁንም ተለጥፏል፣ ቡናማ በር፣ ጣሪያው ላይ ጥቁር ሮቶ። ዋጋው 18 ሺህ ይላል። ቤቱ ተይዟል፣ እኔና እናቴ አለንበት። እባካችሁ አትደውሉለት።