በጎንደር የታይላንድ ካሪ ግብዓቶችን ፍለጋ

የታይላንድ ካሪ (ብዙውን ጊዜ በቅመምና በኮኮናት ወተት የሚሠራ ወጥ) ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ግብዓቶች ፍለጋ በጎንደር ከፒያሳ ሱፐርማርኬቶች እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ሁለት ቀን ተዘዋውሬያለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ያረካኝም ገበያው ነው። ዝንጅብል፣ እርድና ሎሚ በቀላሉ ይገኛሉ። በሶብላችንም ከታይላንዱ ጋር የአንድ ዝርያ ተክል በመሆኑ፣ መዓዛው ጥቂት ቢለይም፣ ያለ ሥጋት ሊተካው ይችላል። ጠጅ ሣር ሲገዛ ግን ነጋዴዎች ቅጠሉን ብቻ ቆርጠው ስለሚያመጡ፣ ለካሪው የሚፈለገው ከሥሩ አጠገብ ያለው ነጣ ያለና ወፍራም ክፍል መሆኑን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል፤ እኔ ያስረዳኋቸው እናት በማግሥቱ ከነሥሩ ነቅለው ስላመጡልኝ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። የኮኮናት ወተት ያገኘሁት በአንድ ሱፐርማርኬት ብቻ ሲሆን፣ ከነበሩት ሁለት ጣሳዎች የአንዱ የመጠቀሚያ ጊዜ አልፎ ነበርና ገዢ ሁሉ ቀኑን አይቶ እንዲወስድ አሳስባለሁ። ዓሣ ከጨው ጋር ለወራት ተብላልቶ የሚወጣውን የዓሣ ሶስ ግን የትም አላገኘሁም። በሶያ ሶስና በጨው ብተካውም፣ ለካሪው ጥልቀት የሚሰጠው ያ ጣዕም በግልጽ ጎድሎበታል፤ ይህን የሚፈልግ ሰው ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ አደራ ቢል ይሻለዋል።