ማኒፌስት ወይስ ቢልድሂስትሪ?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ለሚገጠም መቆጣጠሪያ በዮክቶ (ለአንድ መሣሪያ የሚስማማ ሊኑክስ መገንቢያ) ሊኑክስ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ «ውስጡ ያለው ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) የትኛው ቨርዥን ነው?» መባላችሁ አይቀርም። መልሱን ከሁለት ቦታ ማግኘት ይቻላል።

ማኒፌስቱ፣ ማለትም የፓኬጆች ዝርዝር ፋይሉ፣ ቀላል ነው። መሣሪያው ላይ ከሚጫነው የሲስተም ፋይል (ኢሜጅ) ጋር አብሮ ይወጣል፤ በየመስመሩ የፓኬጅ ስም፣ አርክቴክቸርና ቨርዥን አለው። ምን እንደተቀየረ ግን አይነግርም።

እኔ የየቢልዱን ታሪክ የሚመዘግበውን የዮክቶ ክፍል፣ ቢልድሂስትሪን፣ እመርጣለሁ። ከየቢልዱ በኋላ መረጃውን ጊት (የለውጥ ታሪክ መያዣ) ላይ ኮሚት ያደርጋል፣ ማለትም ይመዘግባል። ሁለት ኮሚት አስተያይቶ የትኛው ፓኬጅ ቨርዥን እንደቀየረ፣ ኢሜጁ ምን ያህል እንደጨመረ ማየት ይቻላል። የምንጭ ኮዱን ሪቪዥንም ይይዛል፤ ኦቶሬቭ (ሁልጊዜ የቅርብ ጊዜውን ኮድ የሚወስድ ቅንብር) ለሚጠቀም ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አደራ፦ ካልቀየራችሁት የሚቀመጠው ቢልድ ማውጫው ውስጥ ነው። ማውጫውን ጠራርጋችሁ ስታጠፉ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ሰርቨር ላይ ፑሽ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ስካርትጋፕ የተባለው የዮክቶ ቨርዥን የሚደገፈው ለ4 ዓመት ነው፤ የፋብሪካ ማሽን ደግሞ ከዚያ በላይ ይሠራል።