ሼርፓዎችና ታይገሮች በሕርማታ፦ የአንድ የዘጋቢ ፊልም ምሽት ግምገማ

በጅማ ከተማ ሕርማታ አካባቢ የሚገኝ አንድ ካፌ ቅዳሜ ምሽት የውጭ ዘጋቢ ፊልሞችን በቃል ትርጉም ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ ከእግር ኳስና ከተከታታይ ድራማ ውጭ ሰው አብሮ ተቀምጦ የሚያየው ነገር አግኝቷል። መግቢያው 100 ብር ነው፤ በዚሁ ዋጋ አንድ ስኒ የጀበና ቡናና አንድ ሳህን ፈንዲሻ ይቀርባል፤ ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል። እዚህ የምገመግመው ሁለት ፊልሞች ተከታትለው የታዩበትን መርሐ ግብር ሲሆን፣ የመጀመሪያው በኤቨረስት ተራራ ላይ መንገድ እየከፈቱና ጭነት እየተሸከሙ ስለሚሠሩት ሼርፓዎች፣ ሁለተኛው የመጥፋት አደጋ ስላንዣበበባቸው የዱር ታይገሮች ነበር። ድምዳሜዬን ከወዲሁ ለመናገር፣ ተመልካቹ ገንዘቡን የሚከፍለው ለተርጓሚው ነው፤ ተርጓሚው በበረታበት ክፍል ምሽቱ ተሳክቷል፣ በሰነፈበት ክፍል ደግሞ ወድቋል።

ሁለቱ ርእሶች ለምን እንደተጣመሩ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አያብራራም፤ በረዶንና ጫካን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም። የሚያገናኛቸው ኔፓል ናት። ይህች አገር በደቡብ በኩል ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይለው ከሞቃታማው የቴራይ ሜዳ ተነሥታ እስከ ኤቨረስት ጫፍ፣ ማለትም እስከ 8,849 ሜትር ትወጣለች፤ ታይገሩ ከታች በረጅሙ ሣርና በደኑ ውስጥ፣ ሼርፓው ከላይ ይኖራሉ። ከዚያም በላይ ሁለቱ ፊልሞች አንድ የጋራ ጥያቄ አላቸው፤ ዓለም ከሩቅ ሆኖ የሚያደንቀውን ነገር በትከሻቸው የተሸከሙት የአካባቢው ሰዎች ከአድናቆቱ ምን ይደርሳቸዋል? ተርጓሚው ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ፊልም አጥብቆ ይዞት፣ በሁለተኛው ለቀቀው።

የሼርፓዎቹ ክፍል እንዲህ ባለ ቤት አያለሁ ብዬ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ተርጓሚው ፊልሙን ቀደም ብሎ እንዳየውና እንዳነበበበት ያስታውቃል፤ ሼርፓዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከቲቤት ተሻግረው በምሥራቅ ኔፓል በሶሉኩምቡ የሰፈሩ፣ ተራራ መውጣት መተዳደሪያ ከመሆኑ በፊት ያክ የተባለውን ጠጉራም የተራራ ከብት በማርባት፣ ድንች በማምረትና ከቲቤት ጋር በመነገድ የኖሩ ሕዝብ መሆናቸውን ገና ከመነሻው አስረዳ። ሼርፓው ቴንዚንግ ኖርጌይ ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1953 ለመጀመሪያ ጊዜ የኤቨረስት ጫፍ ላይ የደረሰበትን ታሪክ ብዙ ሰው በስም ስለሚያውቀው ቶሎ አልፎት፣ ጊዜውን የሰጠው ኩምቡ ለሚባለው የተሰባበረ የበረዶ ወንዝ ነው። ከፍታው 5,364 ሜትር የሆነው ቤዝ ካምፕ፣ ማለትም የተራራ ወጪዎች መነሻ ሰፈር፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ በ800 ሜትር ያህል እንደሚበልጥ፣ ያም ገና የጉዞው መነሻ መሆኑን ሲናገር አዳራሹ አጉረመረመ።

የኩምቡ በረዶ ዕለት ዕለት ስለሚንቀሳቀስ ትናንት የተዘረጋ መሰላል ዛሬ ሊጣመም ወይም ሊወድቅ ይችላል። በየዓመቱ ተራራውን የሚወጡ የውጭ ዜጎች እግራቸውን ከማንሣታቸው በፊት፣ መንገዱን የሚከፍቱ ልዩ የሼርፓ ቡድኖች ገመድ እየቸነከሩና የአሉሚኒየም መሰላሎችን ጫፍ ለጫፍ እያሰሩ በስንጥቆቹ ላይ ይዘረጋሉ፤ በወቅቱም ሁሉ እየተመላለሱ ይጠግናሉ። ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው ለማለፍ ሲሉ የሚጓዙት በሌሊት ነው። የውጭ ዜጋው ይህን ቦታ የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ ሼርፓው ግን ድንኳን፣ ምግብና የኦክስጅን ሲሊንደር ተሸክሞ ደጋግሞ ይመላለስበታል። ፊልሙ አንድ ሠራተኛ ብረት የተገጠመበትን ጫማውን በመሰላሉ መወጣጫ ላይ በጥንቃቄ ሲያሳርፍ በቅርብ ያሳያል፤ ተርጓሚው እዚህ ላይ ዝም ማለቱ ትክክል ነበር፣ የብረቱና የመሰላሉ ሲጥሲጥታ ብቻውን በቂ ነውና።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህን መሰላል የሚዘረጋው ሰው ቢሞት ልጆቹን ማን ያሳድጋል?» ብለው ጠየቁ። ተርጓሚው ፊልሙን አቁሞ «አባባ፣ የፊልሙም ጥያቄ ይኸው ነው» ካለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በዚሁ በኩምቡ የበረዶ ናዳ ወርዶ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን እንደገደለ፣ መንግሥት መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሊሰጥ ያሰበው ለቀብር ማስፈጸሚያ 40,000 የኔፓል ሩፒ፣ ማለትም 400 ዶላር ገደማ ብቻ እንደነበረ፣ ሼርፓዎቹም ተቆጥተው ሥራ በማቆማቸው የዚያ ዓመት ጉዞ በኔፓል በኩል እንደተቋረጠ ተረከ። ከዚያ ወዲህ ለሠራተኞች የሚገባው ዝቅተኛ የሕይወት መድን ወደ 15,000 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል። አንድ የውጭ ዜጋ ለመውጫ ፈቃድ ብቻ ለዓመታት 11,000 ዶላር ሲከፍል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ክፍያው እሱም ወደ 15,000 ማደጉን ጨምሮ ሲናገር፣ የአንድ ሰው ፈቃድና የአንድ ሰው ሕይወት ዋጋ ጎን ለጎን መቀመጡን ማንም ሊያብራራልን አላስፈለገም።

በዚህ መካከል መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ለመነሣት ጊዜ ወሰደ። አስተናጋጆቹ ሻማ ከማምጣት ይልቅ ሒሳብ ለመሰብሰብ መሯሯጣቸው አላስደሰተኝም። ተርጓሚው ግን ጊዜውን ሳያባክን ስለ ካሚ ሪታ ሼርፓ ተናገረ፤ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. እስከ 2025 የመውጫ ወቅት ድረስ ኤቨረስትን 31 ጊዜ የወጣ፣ በዓለም የሚስተካከለው ያልተገኘለት ነው። ቴንዚንግ ያደገባትና ካሚ ሪታ የተወለደባት ታሜ የተባለች ትንሽ መንደር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የበረዶ ግግር ሐይቅ ገንፍሎ በጎርፍ መመታቷን የሰማሁት በዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ጆሯችን የለመደው ቃል፣ ቤትና ትምህርት ቤት ሲያፈርስ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሁለተኛው ፊልም ሲጀምር ያው ተርጓሚ ሌላ ሰው ሆነ። ታይገሩ በታየ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሁን ሊዘል ነው! አሁን ሊይዛት ነው!» እያለ የካራቴ ፊልም የሚተረጉም አስመሰለው፤ ልጆቹ ሳቁ፣ ሌላው ተመልካች ግን ፊልሙ ራሱ የሚናገረውን አጣ። በስክሪኑ ላይ ቁጥሮች እየተጻፉ ያልፉ ነበር፤ አንዱንም አላነበበልንም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ 100,000 ያህል እንደነበሩ የሚገመቱት የዱር ታይገሮች እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 3,200 ገደማ ወርደው ነበር። በዚያው ዓመት ታይገር የሚገኝባቸው 13 አገሮች በሴንት ፒተርስበርግ ተሰብስበው እስከ 2022 ቁጥሩን በእጥፍ ለማሳደግ ቃል ገቡ፤ ኔፓል ከ121 ተነሥታ በ2022 ቆጠራ 355 በማድረስ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግታለች። የምሽቱ ትልቁ ወሬ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ተርጓሚው ታይገር ምን ያህል ኪሎ እንደሚመዝን በመገመት አሳለፈው።

በተለይ የቆጨኝ አንድ ትዕይንት አለ። የፓርክ ሠራተኞች በጫካው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ባሉ ዛፎች ላይ፣ ከጉልበት ከፍታ ብዙም ሳያልፉ፣ ሁለት ካሜራ ትይዩ አድርገው ያስራሉ። በታይገር ቆዳ ላይ ያለው መስመር እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያል፤ የአንዱ ታይገር የግራና የቀኝ ጎንም አይመሳሰልም፤ ስለዚህ ሁለቱም ጎኖች በአንድ ጊዜ ካልተነሡ አንዱ እንስሳ ሁለት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ የሚያሳየው ይህ ቦታ በትርጉሙ «ካሜራ እያሰሩ ነው» ተብሎ ታለፈ።

ከሁሉ የከፋው ስለ ገበሬዎቹ የሚናገረው ክፍል መዘለሉ ነው። ታይገር ሲበዛ በቺትዋንና በባርዲያ ፓርኮች ዳር የሚኖሩ፣ ለከብቶቻቸው ሣር ለማጨድ ወደ ጫካው ጫፍ የሚገቡ ሰዎች ሞትም እየበዛ መጥቷል። ኔፓል ከፓርኮቹ ገቢ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን በዙሪያቸው ላሉ ማኅበረሰቦች የምትመልስበት ሕግ አላት፤ ያም ሆኖ ባሏን ያጣች ሴት በፊልሙ ላይ የተናገረችው ረጅም ንግግር ወደ አማርኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ ደረሰን። ከጌራና ከሰቃ በኩል የመጡ ተመልካቾች በዚያ አዳራሽ ነበሩ፤ በቆሎ ሲደርስ ቀን ከጦጣና ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከዱር አሳማ ሲጠብቁ ማማ ላይ ያደሩ ሰዎች ናቸው። ጫካውን ጠብቁ እየተባሉ ጉዳቱን ብቻቸውን መሸከም ምን እንደሆነ ከማንኛችንም የተሻለ ያውቁታል፤ ንግግሯ በሙሉ ቢተረጎምላቸው ኖሮ ውይይቱን እነርሱ ይመሩት ነበር።

ስለ ቤቱ የሚቀረኝ ጥቂት ነው። ቡናው ጥሩ ነው፣ ጅማ ላይ መጥፎ ቡና ማቅረብ ለነገሩ ድፍረት ይጠይቃል። ስክሪኑ በቂ ስፋት አለው፣ የድምፅ ማጉያው ግን ከተርጓሚው ማይክሮፎን ጋር ስለሚጋጭ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም አይሰማም። ልጆች ለሚያመጡ ወላጆች፣ የታይገሩ ፊልም አጋዘን ሲታደን በደም ጭምር እንደሚያሳይ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነበረበት። አዘጋጆቹ ሁለተኛውን ፊልም እንደገና ለማሳየት ካሰቡ፣ ተርጓሚው ለመጀመሪያው የሰጠውን ያህል የዝግጅት ጊዜ ይስጡት፤ በአንድ ምሽት ሁለት ፊልም ለአንድ ሰው ከበዛበትም አንዱን ለሌላ ቅዳሜ ያስተላልፉት። ለመሄድ ያሰበ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ቢደርስ ይመረጣል፣ ከምሰሶው በስተኋላ ያሉት ወንበሮች የሚሞሉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው የስክሪኑ ግማሽ ብቻ ነው።