ወንድሜን ለተከላከሉልን ጠበቃ

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት በነፃ ተሰናብቶ ቤቱ ገብቷል። እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግነው እዚሁ ባሕር ዳር የሚሠሩ አንድ ጠበቃን ነው። ስሜ በአደባባይ አይውጣ ስላሉ አልጠራውም፤ ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወንድሜ ጣና ላይ ጀልባ ነጂ ነው፤ ሰው ወደ ዘጌ ያመላልሳል። ዳር ታስሮ ካደረ ጀልባ ላይ ሞተር ጠፋ። «ሌሊት ተሸክሞ ሲሄድ አይቼዋለሁ» የሚል ምስክር ተገኘና በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 በስርቆት ተከሰሰ።

አጎቶቻችን ስለ ጨዋነቱ ሊመሰክሩ ተዘጋጅተው ነበር። ጠበቃችን ግን ያን ሌሊት የት እንደነበረ ያስቀድሙ ነበር። ከወንድሜ ጋር ተቀምጠው ከምሽት እስከ ንጋት ያለውን በየሰዓቱ ጻፉ። ማን አየው? ማን ቤት አደረ? ለማን ደወለ? የሚመሰክርለት ሰው ያልተገኘውን ሁሉ ሰረዙት። ያልሆነ ነገር አንዲት ቃል አልጨመሩም።

አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ የሚያሳምነው ከሕዝቡ የተመረጡ፣ ብዙ ጊዜ 12 የሚሆኑ ሰዎችን ነው፤ ጁሪ ይባላሉ። እኛ ጋ ጁሪ የለም፤ የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው። ቢሆንም ዳኛም የሆነውን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲሰማ ነው የሚገባው። ያንን ታሪክ የሚናገሩት ደግሞ ምስክሮቹ ናቸው።

ጠበቃችን የዐቃቤ ሕግን ምስክር በጠየቁበት መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይህን በዓይኔ አየሁ። ጠበቃችን ምስክሩን ውሸታም አላሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። አጭር አጭር ጥያቄ ብቻ። የት ቆመው ነበር? በመካከላችሁ ደንገል ነበር? መብራትስ? ፊቱን ነው ያዩት ጀርባውን? «ጀርባውን ነው፤ በጃኬቱ ለየሁት» አለ ምስክሩ። እንዲህ ያለ ጃኬት ሌላ ማን ይለብሳል? «ጀልባ ነጂው ሁሉ።» ጠበቃችን አመስግነው ተቀመጡ። አንዲት ጥያቄ ቢጨምሩ ምስክሩ የተናገረውን የሚያስተካክልበት ዕድል ያገኝ ነበር። በቃኝ ብሎ መቀመጥን የሚያውቅ ጠበቃ ትልቅ ጠበቃ ነው እላለሁ።

ያም ሆኖ ፍርድ ቤቱ «ይከላከል» ሲል እናታችን የተፈረደበት መስሏት ደጃፉ ላይ አለቀሰች። «እማማ፣ ጥፋተኛ ነው አላሉም» አሏት ጠበቃችን። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካልተስተባበለ ሊያስቀጣ ይችላል ማለት እንደሆነ፣ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 እንደተጻፈ ረጋ ብለው አስረዷት። ያን ቀን ያሳዩዋትን አክብሮት አልረሳውም።

ከዚያ የእኛ ምስክሮች ቀረቡ። ማታ ከዘጌ ጭኗቸው የመጡ ነጋዴ፣ ቤቱ ያደረበት ዘመዳችን፣ ሌሊት የደወለለት ጓደኛው። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ። በክርክር ማቆሚያው ጠበቃችን የእነሱን ቃል በሰዓቱ ቅደም ተከተል ሰደሩት፤ ያ ሌሊት ክፍተት አልነበረውም።

«አሸንፋለሁ» ብለው ቃል አልገቡልንም። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ነገርም ከአፋቸው አልወጣም። ክፍያቸው በጽሑፍ ውል ነው፤ ስልክ ይመልሳሉ፤ ቀጠሮ አያስተጓጉሉም። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።

የወንጀል ክስ የገጠመው ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አቅም ከሌላችሁ ደግሞ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምላችሁ ጉዳዩን የሚያየውን ፍርድ ቤት ጠይቁ። ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቁ፤ ምስክር መሰማት እስኪጀመር አትጠብቁ።