የሶማሌ ተራው ቢጫ የመጎተቻ ገመድ

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች በር ላይ የሚንጠለጠለው፣ በሁለቱም ጫፍ የብረት ጋንቾ ያለው ቢጫ ናይለን ለቤት መኪና ጥሩ ነው። ስለሚለጠጥ የመነሻውን ንጥቂያ ይውጠዋል፤ የሽቦ ገመድ ግን ጉልበቱን በሙሉ ማሰሪያው ላይ ይጥለዋል።

ደካማው ጎኑ ጫፉ ነው። ስፌቱን በጥፍርዎ ይፈትሹ፤ ክሩ ከተነሳ ይተዉት። የጋንቾው ምላስ በራሱ ተመልሶ ካልገጠመ ገመዱ ሲላላ ሾልኮ ይወጣል። ተወጥሮ የተበጠሰ ገመድ ደግሞ ብረቱን ይዞ ስለሚመጣ መሃሉ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ያድርጉበት። ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይበቃል። ማሰሪያው የመኪናው መጎተቻ ቀለበት ነው፤ ፓራውልት ላይ ፈጽሞ አይሰሩት።

የሚጎተተው መኪና ቁልፉ ተከፍቶ ይቆይ፤ አለዚያ መሪው ይቆለፋል። ሞተሩ ስለጠፋ ፍሬኑ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። ከፒያሳ ወደ ለገሃር፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት፣ በዚህ ገመድ መጎተትን የማንመክረው ለዚህ ነው፤ ከኋላ ያለው ካልያዘ ከፊተኛው ጋር ይላተማል።

ኦቶማቲክ ላላቸው ግን አይሆንም። ሞተሩ ካልሠራ የካምቢዮው ዘይት በአግባቡ አይዘዋወርም፣ ካምቢዮው ይቃጠላል። ጭኖ የሚወስድ ክሬን ይጥሩ።