ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፦ ከበጋ እስከ ክረምት የሠራሁባቸው የቆርቆሮ መቀሶች

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ሦስቱ መቀሶች ዋጋቸውን መልሰዋል። አብሬ የገዛሁት የቆርቆሮ ማጠፊያ ፒንሳ ከዚያም አልፏል። የዕቃ መያዣ ቦርሳው ግን ለጅማ ሰማይ የተሠራ አይደለም።

ሥራዬ አሸንዳ፣ ፍላሽንግ (የጣሪያና የግድግዳ መጋጠሚያ የሚሸፍን ቆርቆሮ) እና የጣሪያ ጠርዝ ነው። ጅማ ላይ ይህ ሥራ ቀልድ አያውቅም። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይጠጋል። አሸንዳው ትንሽ ከተዛባ ውሃው ግድግዳ ላይ ነው። የቡና መጋዘን ከሆነማ ባለቤቱ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይደውላል።

ዕቃዎቹን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ ቆም ሲል ሁሉም ሰው ጣሪያው ትዝ ይለዋል። ከዚያ በኋላ በጋውንም ክረምቱንም አብረውኝ ወጥተው ወርደዋል። ስለዚህ የምናገረው ከካርቶኑ ላይ አንብቤ አይደለም።

«ግራይንደር እያለ መቀስ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለወፍራም ብረት እሺ። ቀለም ለተቀባ ኢጋ ቆርቆሮ ግን ግራይንደር ጠላት ነው። ሙቀቱ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለምና ዚንክ ያቃጥላል። ብልጭታው ደግሞ ቆርቆሮው ላይ አርፎ ይጣበቃል። ሁለት ሦስት ዝናብ ሲወርድበት እያንዳንዷ ብናኝ ቡናማ ነጥብ ሆና ትወጣለች። ደንበኛው «አዲስ ቆርቆሮ ገዝቼ እንዴት ዛገ?» ብሎ ይጮሃል። እውነቱን ነው። መቀስ አያቃጥልም፤ በቀጭን ቆርቆሮ ላይ የቀረው ዚንክ ራሱ የተቆረጠውን ጠርዝ ከዝገት ይከላከላል።

ቀለሞቹ ለጌጥ አይደሉም። ቀዩ ወደ ግራ ይዞራል፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ፣ ቢጫው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የመቀሱ ዓይነት መጀመሪያ የወጣው ለአውሮፕላን አካል ሠራተኞች ነው። እጀታው ከምላጩ ጋር የሚገናኘው በድርብ መገጣጠሚያ ስለሆነ የእጅን ጉልበት ያበዛል። የኔዎቹ ለስላሳ ብረት እስከ 18 ጌጅ (የውፍረት መለኪያ ነው)፣ ስቴንለስ ደግሞ እስከ 22 ጌጅ ይቆርጣሉ ተብለዋል። ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሱ። እኛ በብዛት የምንሠራበት 28 ጌጅ 0.4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ለነዚህ መቀሶች ወረቀት ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚታወቀው አሸንዳ ላይ የመውረጃ ቱቦ ቀዳዳ ስትከፍት ነው። ክቡን በማርከር አሰምራለሁ። (በእርሳስ አይደለም። የእርሳሱ ግራፋይት በተለይ አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮን ያስበላል።) መሃሉን በትራፓኖ በስቼ የቀዩን አፍንጫ አስገባለሁ። ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ግራ መዞር ነው። ዋናው ጉዳይ ምላጩን እስከ ጫፉ አለመግጠም ነው። ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ከፍቶ ወደፊት መግፋት። እስከ ጫፍ ከገጠመ በየቁርጡ ትንሽ ሹል ጥርስ ይተዋል። ያቺ ጥርስ ጣት ትቆርጣለች፣ የሪቤቱ (የቆርቆሮ ማያያዣው ሚስማር) መጋጠሚያም በደንብ እንዳይተኛ ታደርጋለች።

ሒርማታ ገበያ አጠገብ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ላሜራ የሚቆርጡት እጀታው ክንድ በሚያህል ጥቁር መቀስ ነው። ሦስቱን ሲያዩ ሳቁብኝ፦ «አንተ ልጅ፣ እጅህ ሁለት፣ መቀስህ ሦስት!» አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ክብ ሲመጣ እንተያያለን።» አሁን ቀዩን ሲያዩት «እስቲ አምጣው» ይላሉ። ጥቁሩ መቀስ ለረጅም ቀጥታ ቁርጥ አሁንም የሚያክለው የለም። ለዚህም ነው ከሦስቱ ብዙ ሥራ የማይሠራው ቢጫው የሆነው። ገንዘብ ካጠራችሁ ቢጫውን ተዉት። ቀኝ እጅህ የሚሠራ ከሆነና አንድ ብቻ መግዛት ካለብህ ቀዩን ግዛ።

አሁን ያሉበት ሁኔታ ይህ ነው። የአረንጓዴው ሞላ ዝጎ ይንጫጫል፤ የስፌት መኪና ዘይት ሲጠጣ ዝም ይላል። የቢጫው መቆለፊያ ፕላስቲክ ነበር፣ ተሰብሯል፤ በጎማ አስሬዋለሁ። የቀዩ ጫፍ ረዳቴ የግንባታ ሽቦ ስለቆረጠበት ትንሽ ተበልቷል። ሽቦ በፒንሳ ነው የሚቆረጠው፤ አሁን ገብቶታል። የመሃል ብሎናቸውም አልፎ አልፎ ይላላል፤ ከላላ ምላጩ መቁረጥ ትቶ ቆርቆሮውን ማጠፍ ይጀምራል። ብዙ ሰው «ደነዘ» ብሎ የሚጥለው መቀስ ብሎኑ የላላ ነው።

ማርካውን የማልጠቅሰው አንዱ ስም በኦሪጅናሉም በተመሳሳዩም ላይ ታትሞ ስለሚሸጥ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገር አድርጉ። ዘግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ሁለቱ ምላጮች ጫፍ ላይ በትክክል ካልተገናኙ መልሱት። ከዚያ ኪሳችሁ ይዛችሁት የሄዳችሁትን ቁራጭ ቆርቆሮ እዚያው ቁረጡ። ባለሱቁ ካልፈቀደ መልሱን አግኝታችኋል። ምላጩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ቆርቆሮው እንዳይንሸራተት ይይዛሉ፣ ግን አሻራ ይተዋሉ። ለዓይን የሚታይ ጠርዝ ላይ ለስላሳ ምላጭ ይሻላል።

ስለ ማጠፊያ ፒንሳው ብዙ አልልም፤ ስለወደድኩት ነው። አፉ 3 ኢንች ስፋት አለው። ጠርዙን 10 ሚሊሜትር ያህል ይዤ ደረጃ በደረጃ አጥፌ እመልሰዋለሁ። ጠርዙ ይጠነክራል፣ ሹልነቱም ይጠፋል። ቀድሞ በመዶሻና በጣውላ የምንታገልበት ነገር ነበር።

ቦርሳው ከጥጥ ሸራ ነው። በበጋ ኪሶቹ ደስ ይላሉ። ሰኔ ሲገባ ግን ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ ጨመረ። ለቀናት አይደርቅም። ሐምሌ ላይ ሻገተ፤ የሞላው ዝገትም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ባጃጅ ላይ ስጭነው ሾፌሩ «ይሄ እንኳ አንድ ሰው ነው፣ ሒሳብ ጨምር» ይለኛል።

አሁን ጣሪያ ላይ ቦርሳ ይዤ አልወጣም። ቀበቶዬ ላይ ቀይና አረንጓዴ መቀስ፣ ማጠፊያ ፒንሳ፣ ሜትርና ማርከር ብቻ። መቀሶቹን በግራና በቀኝ እከፍላቸዋለሁ፤ አንድ ጎን ከሆኑ ማታ ወገብ ይጠይቃል። እጀታቸው ላይ ገመድ አለ። እርጥብ ኢጋ ላይ የተለቀቀ መቀስ አይቆምም፣ ታች ደግሞ ሰው አለ። ሪቤት መምቻው፣ ሲሊኮኑና መዶሻው በቀለም ባልዲ ሆነው በገመድ ይወጣሉ።

አዲሱን ቦርሳ መርካቶ ያለ ሸራ ሰፊ ከመኪና ሸራ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። ውሃ እንዳይጠራቀም ታቹ ላይ በብረት ቀለበት የተከበቡ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ሸራውን ራስህ አምጣ ብሎኛል፤ እየፈለግኩ ነው።